«ጋዝ ጨርሷል» የሚለው ምርመራ ስንት ያስከፍላል?

«ጋዝ ጨርሷል፤ ይሞላ!» ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር በጋራዥ በር ላይ ብዙ ገንዘብ ትሰበስባለች። ባለመኪናው ኤሲው ሞቃት አየር እየነፋ መሆኑን ይናገራል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ጊዜ ያያል፤ ቱቦ ይገጠማል፣ ሲሊንደር ይከፈታል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ሒሳብ ተከፍሎ መኪናው ይወጣል። ሦስት ወር ሳይሞላ ያው መኪና፣ ያው ባለቤት፣ ያው መልስ።

ነገሩን በሒሳብ ዓይን ለተመለከተው ይህ ጥገና ሳይሆን ኪራይ ነው። የመኪና ኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን የሚቃጠል፣ ወይም እንደ ሞተር ዘይት በኪሎ ሜትር እየተቆጠረ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። በተዘጋ መስመር ውስጥ ከኮምፕሬሰሩ ተነስቶ ከፊት ወዳለው የኤሲ ራዲያተር፣ ከዚያም ከክሩስኮቱ ጀርባ ወዳለው ማቀዝቀዣ ይሄዳል፤ ሙቀቱን ከውስጥ ተሸክሞ ውጭ ይጥላል፤ ተመልሶም ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ይገባል። የጎማ ቱቦዎች በዓመታት ውስጥ ጥቂት ግራም ማሾለካቸው የታወቀ ነው። በወራት ባዶ የሚሆን መስመር ግን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ሳይፈለግ ጋዝ መሙላት በሚያፈስ በርሜል ውኃ መቅዳት ነው።

ለምሳሌ ያህል ለአንድ ሙሌት 3 ሺህ ብር ይከፈላል፣ በዓመትም አራት ጊዜ ይሞላል እንበል። 12 ሺህ ብር ቃል በቃል ወደ አየር ተነነ ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሆነው ዕቃ ደግሞ ከጣት ቀለበት የማይበልጥ የደረቀ ኦሪንግ ሊሆን ይችላል። ጋዙም ሆነ መለዋወጫው ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ በአየር ላይ የሚተነው ጋዝ የአንድ ሰው ኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የገበያው ሰው ኤሲን እንደ ቅንጦት የሚያይበት ጊዜ አልፏል ማለት ይቻላል። ከ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ በከተማው ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ምትክ ሳያገኝ እያረጀ ዋጋውን ይዞ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ያረጀ መኪና ላይ ቀድመው ከሚደክሙት ውስጥ ደግሞ ኤሲ አንዱ ነው።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከረው መኪናው ለሽያጭ ሲወጣ ነው። ዓርብ ጋዝ ተሞልቶ ቅዳሜ የሚታይ መኪና ኤሲው በረዶ ነው። ገዥው እጁን አየር መውጫው ላይ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ደላላው «ፍሪጅ በለው!» ይላል። በሦስተኛው ሳምንት አየሩ ይሞቃል። ሻጩ ስልክ አያነሳም፤ ኮሚሽኑን የተቀበለው ደላላም «ያኔ ሲሠራ በዓይንህ አይተሃል አይደል?» ብሎ ይመልሳል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ያሳዩት ይህንኑ ነበር። ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ በማያውቅበት የአሮጌ መኪና ገበያ፣ ገዥ ሁሉንም መኪና በጥርጣሬው ልክ ይተምናል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው «በዚህ ዋጋስ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ለመጥፎዎቹ ይቀራል። አከርሎፍ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነዋል። የኤሲው ነገር የዚህ ትንሽ ምሳሌ ነው። መስመሩ በእውነት ያልቀደደ ሻጭ ዓርብ ዕለት ካስሞላው ጎረቤቱ እኩል ይጠረጠራል፤ እኩልም ዋጋ ይቆረጥበታል።

ታዲያ ባለመኪናው ምን ያድርግ? እሑድ ጠዋት በግቢው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይስጥ። መካኒክ ይሁን አይባልም፤ የተከፈተ ዓይንና አንድ የቤተሰብ ረዳት ይበቃዋል።

መጀመሪያ የሚለየው አየሩ ሞቃት ነው ወይስ ትንሽ ነው የሚለው ነው። ሁለቱን አደባልቆ «ኤሲው አይሠራም» ብሎ ጋራዥ የገባ ሰው ለጋዝ መክፈሉ አይቀርም። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚወጣው ግን ትንሽ ከሆነ ጥፋቱ ከጋዙ ጋር አይገናኝም። በብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ኪስ ጀርባ የአየር ማጣሪያ አለ። ኪሱ ያለ መፍቻ ይወርዳል፣ ማጣሪያው ይሳባል። የአዲስ አበባን የግንባታ አቧራ ለዓመታት የጠጣ ማጣሪያ ሲወጣ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። መኪናቸው እንዲህ ያለ ማጣሪያ እንዳለው ሳያውቁ የሸጡም አይጠፉም።

አየሩ በደንብ እየወጣ ሞቃት ከሆነ ወደ ኮፈኑ ይኬዳል። ሞተሩ ተነስቶ ረዳቱ የኤሲውን ቁልፍ ሲጫን ከኮምፕሬሰሩ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከቺንጋው መዘውር ፊት ያለው ክብ ብረትም አብሮ መዞር ይጀምራል። ፋኑም ይነሳል። እዚህ ላይ እጅጌ፣ ክራባትና ነጠላ ከቺንጋው ይራቁ። ድምፁ ካልተሰማ ችግሩ ከኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል። በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የኤሲው ፊውዝና ሪሌ ቦታ ተጽፏል። የኤሲውን ሪሌ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው የክላክስ ሪሌ ጋር አለዋውጦ መሞከር ምንም አያስከፍልም። ኤሲው ተነስቶ ክላክሱ ዝም ካለ በሽተኛው ተገኘ፤ ወደ ሱማሌ ተራ ብቅ ብሎ አንድ ሪሌ መግዛት ነው።

ፊውዙም ሪሌውም ደህና ሆኖ ኮምፕሬሰሩ አልነሳ ሲል መስመሩ ባዶ መሆኑ ይጠረጠራል። ጋዙ ከመጠን በታች ሲወርድ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዘይት እንዳይፈጭ የግፊት መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪኩን ያቋርጠዋል። ዘይቱ ከጋዙ ጋር አብሮ ነውና የሚዞረው! ይህንን መቆጣጠሪያ በሽቦ አልፎ ኮምፕሬሰሩን በግድ ማስነሳት እንደ ብልሃት የሚቆጥሩ አሉ። የአንድን ሰዓት ቅዝቃዜ በአንድ ኮምፕሬሰር ዋጋ መግዛት ማለት ነው። ኮምፕሬሰር ተፈጭቶ ሲሞት ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ የብረት ብናኙ መስመሩን ይበክላል፤ መስመሩ ሳይታጠብና ማድረቂያው ሳይቀየር የተገጠመለት ሁለተኛ ኮምፕሬሰርም ብዙ አይቆይም።

መንገድ ላይ እየቀዘቀዘ መብራት ላይ ሲቆም የሚሞቅ ኤሲ ሌላ ታሪክ አለው። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ የሚሠራውን ሥራ ሲቆም ፋኑ መሥራት ይገባዋል። ፋኑ አልዞረ ይሆናል፣ ወይም የፊተኛው ራዲያተር በጭቃና በነፍሳት ተደፍኗል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ኤሲው እየሠራ ራዲያተሩ ላይ ውኃ በቀስታ ይረጭ። አየሩ ወዲያው ከቀዘቀዘ ጥፋቱ ከዚያው ነው። የላቫጆን ኃይለኛ ውኃ በቅርብ መልቀቅ ግን ቀጫጭን ክንፎቹን አጣጥፎ ጥፋቱን ያብሳል።

የቀዳዳ ምልክት ደግሞ ቅባት ነው። ዘይት ከጋዝ ጋር ስለሚወጣ በቱቦ መጋጠሚያ ላይ የታየ አቧራ የያዘ ቅባት የቀዳዳው አድራሻ ነው። የሳሙና አረፋ ተቀብቶ ፊኛ ከነፋ ጥርጣሬው ያልቃል። ጋዝ የሚሞላባቸው ሁለት አፎችም እንደ ጎማ ቫልቭ ያሉ ናቸው፤ የፕላስቲክ ክዳናቸው ጠፍቶ ከእነሱ ብቻ የሚያፈስ መኪና አለ። በተቃራኒው ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውኃ ጤና ነው፤ ያ ውኃ በተሳፋሪው ምንጣፍ ላይ ከተገኘ ግን የመውረጃው ቱቦ ተደፍኗል።

ከቤት ሥራው ሁሉ የሚበልጠውና በገበያው ውስጥ ጨርሶ የተዘነጋው ጉዳይ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። የኤሲ መለኪያ ጌጆች ላይ የታተሙት ቁጥሮች ግን ለባሕር ጠለል የተዘጋጁ ናቸው። መስመሩ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየርና እርጥበት በቫኩም ፓምፕ ይመጠጣል። በባሕር ዳርቻ ጥሩ ፓምፕ መርፌውን 30 ኢንች ገደማ ያደርሰዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን አየሩ ራሱ ቀላል ስለሆነ እጅግ ጥሩ የሚባለው ፓምፕ እንኳ ከ23 ኢንች ገደማ አያልፍም። ይህንን ያላወቀ መካኒክ ደህና ፓምፑን ሊጥል፣ ወይም ደህና መስመር «ያፈሳል» ብሎ ሊፈታ ይችላል።

የከፋው ሙሌቱ ላይ ነው። ባለኤሲ መኪና በ35 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሲሠራ የከፍተኛው ግፊት መርፌ ከ200 ፒኤስአይ በላይ ማንበቡ ጤናማ ነው። የአዲስ አበባ ቀን 20 ዲግሪ ሲሆን ያው ጤነኛ መኪና 150 አካባቢ ቢያነብ የሚያስደንቅ አይደለም። የሞቃት አገር ቁጥር በቃሉ የያዘ መካኒክ ግን «አልሞላም» ብሎ ይጨምራል፤ መርፌው እስኪደርስለት ይጨምራል። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ባለቤቱ ዕቃ ሊያይ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጅቡቲ መንገድ ሲወርድ፣ መተሐራን አልፎ አዋሽ ሲደርስ፣ ሙቀቱ ግፊቱን ከልክ በላይ ያወጣውና መቆጣጠሪያው ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል። አዲስ አበባ የቀዘቀዘ መኪና አዋሽ ላይ ምድጃ ይሆናል። ሲመለስ ደግሞ ይሠራል! ባለቤቱ መካኒኩን ሊወቅስ ይሄዳል፤ መካኒኩም አስነስቶ ያሳየዋል።

ግራ የሚያጋባው ጋዝ ያነሰው መኪናም ተመሳሳይ ጠባይ ማሳየቱ ነው። በደጋው ብርድ የነበረችው ጥቂት ጋዝ ትበቃለች፤ ቆላ ሲወረድ አትበቃም። የበዛውንና ያነሰውን በአዲስ አበባ ብርድ ውስጥ በእጅ ዳሰሳ መለየት አይቻልም። የቆመ መኪናን ግፊት ማንበብም አይለየውም። አር 134 ኤ የተባለው የተለመደው ጋዝ በ20 ዲግሪ ሙቀት ሞተሩ ጠፍቶ 70 ፒኤስአይ ገደማ ያሳያል፤ በመስመሩ ውስጥ 200 ግራም ይኑር 500 ግራም ቁጥሩ ያው ነው። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደርም እንዲሁ ነው፤ ሙሉ ሲሆንም ግማሽ ሲሆንም ግፊቱ አይለወጥም። ለዚህ ነው ሸማች የሚያስመዝነው።

የመኪናው ጋዝስ ለምን አይመዘንም? አብዛኞቹ መኪኖች ከኮፈኑ ሥር ስንት ግራም እንደሚወስዱ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። በአነስተኛ መኪኖች መጠኑ በአመዛኙ ከ400 እስከ 600 ግራም ነው። የ50 ግራም ስሕተት እዚህ ላይ ብዙ ነው። ወርቅ በግራም በሚሸጥበት ከተማ፣ በዶላር የተገዛ ጋዝ «ሞላሁልህ» በሚል ቃል መሸጡ አስገራሚ ነው። ባለመኪናው ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር በስልኩ አንስቶ ይሂድና «ስንት ግራም ወጣ? ስንት ግራም ገባ?» ብሎ ይጠይቅ። ሚዛን ያለው ጋራዥ ይመልሳል፤ የሌለው ደግሞ በዚያው ይለያል።

ጋራዦችን ብቻ መኮነንም ፍትሕ አይደለም። ቀዳዳ ለማግኘት መስመሩን በናይትሮጅን ነፍቶ ማቆየት፣ መጋጠሚያውን አንድ በአንድ ማየት፣ አንዳንዴም ክሩስኮቱን ማውረድ ይጠይቃል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ደንበኛው ግን ለሚታይ ዕቃ እንጂ ለጊዜ መክፈል አይወድም። «ምንም ሳትገጥም ይህን ያህል?» ይላል። መካኒኩም የሚከፈልበትን ይሸጣል። ለምርመራ ለብቻው መክፈልን ያልለመደ ደንበኛ የሙሌት ገበያውን ራሱ ያቆመው ይመስላል።

በቤት የማይደረገውም አለ። ጋዝ ያለበትን መጋጠሚያ መፍታት የግቢ ሥራ አይደለም። ፈሳሹ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ እሳት ካገኘው መርዛማ ጭስ ይሆናል። የማብሰያ ጋዝ መስመሩ ውስጥ መጨመር ደግሞ በክሩስኮት ጀርባ ተቀጣጣይ ነገር ማስቀመጥ ነው። ጋዝ አስመጪዎችም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ2011 በማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ላይ የደረሰውን ባይረሱ ጥሩ ነው። በቬትናም የተሞላ፣ አር 134 ኤ ተብሎ ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ጋዝ ከአሉሚኒየም ጋር ተዋህዶ ኮንቴይነሮች ፈንድተዋል፤ ሠራተኞችም ሞተዋል። ሲሊንደሩ ርካሽ ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ ከላይ የተባለውን ማጣሪያ፣ ራዲያተርና የሚንጠባጠብ ውኃ ይመልከት፤ ከዚያ አይለፍ። ኮምፕሬሰሩ በቺንጋ ሳይሆን በብርቱካናማ ሽቦ በሚመጣ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ ዘይቱም የተለየ ነው። በብዙ ሞዴሎች ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ያው የኤሲ መስመር ስለሆነ በተሳሳተ ዘይትና በግምት መሙላት የሚጎዳው ከመኪናው ሁሉ ውዱ ዕቃ ነው።

«አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሁንም አሉ። በክረምት ዝናብ መስተዋቱ ጉም ሲለብስ አየሩን አድርቆ የሚገፈው ኤሲው መሆኑን አላስተዋሉም። ዓመቱን ሙሉ ያልተነሳ ኮምፕሬሰርም ማጥበቂያው ደርቆ ማፍሰስ ይጀምራል። በሳምንት አሥር ደቂቃ ማስነሳት ብዙ ወጪ አይደለም።

ወደ ሽያጩ ስንመለስ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዳለበት ይደነግጋል፤ ገዥም የተረከበውን ዕቃ በጊዜው መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። የመኪና ሽያጭ ውል የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ተመዝግቦበት ይፈረማል፤ ስለ ኤሲ አንድ መስመር የሚጽፍ ግን ከስንት አንድ ነው። ስሙን የሚጠብቅ ደላላ ሁለት የጋራዥ ደረሰኝ ከሻጩ ይጠይቅ። በመስከረም 450 ግራም የገባበት መኪና በጥር ሲለካ 440 ግራም ከወጣለት መስመሩ አያፈስም። 200 ግራም ከወጣለት ያፈሳል፤ የመጠገኛው ወጪም ከዋጋው ላይ ይነሳ። ደረሰኙ አንድ ብቻ ከሆነና ቀኑም የትናንት ዓርብ ከሆነ፣ ገዥው ቀብዱን ኪሱ ውስጥ አቆይቶ አንድ ወር ይጠብቅ።